አምስቱ ደምሴዎች

አንድ ቀን፣ ድሬዳዋ ውስጥ ጨርቅ ለሚያስመጣ አንድ የእንግሊዝ ድርጅት አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣለት። ሚስተር ዊልሰን ይባላሉ። ሁሉን አውቃለሁ ባይ ናቸውና አገሩን ሳይለምዱ ደንብ ማውጣት ጀመሩ። አንዱ ደንብ፣ ዘመድና ዘመድ አንድ መሥሪያ ቤት አይሠሩም የሚል ነበር። ከዚያ የሠራተኛውን ስም ዝርዝር ቢያዩ አምስት ደምሴ አገኙ። ለካስ ቤቱ የአንድ ቤተሰብ ርስት ሆኗል ብለው፣ ከትልቁ ደምሴ በቀር አራቱ ቅዳሜ እንዲሰናበቱ አዘዙ።

ከአራቱ አንዱ አስተርጓሚው ንጋቱ ደምሴ ነበር። ሚስተር ዊልሰን «ሚስተር ደምሴ» እያሉ የሞተ አባቱን ስም ሲጠሩበት ሰንብተው፣ አሁን ደግሞ በዚያው ስም ሊያባርሩት ነው። የስድስት ልጆች አባት ነውና ወሬውን ሲሰማ ወገቡ ተቆረጠ። ሆኖም ጓደኞቹ «አንተ ቋንቋውን ታውቃለህ፣ ግባና ተናገርልን» ስላሉት ቢሯቸው ገባ።

እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፣ ከስማችን ቀጥሎ ያለው የአባታችን ስም ብቻ ነው ብሎ አስረዳ። ከደምሴዎቹ አንዱ የመንዝ፣ አንዱ የሶዶ፣ አንዱ የአሰበ ተፈሪ ሰው እንደሆነም ቆጠረላቸው። ነገሩ ድንጋይ ላይ ውኃ ማፍሰስ ሆነበት።

«ስም ማለት ወገን ማለት ነው» አሉ ሚስተር ዊልሰን፤ ከመደርደሪያቸውም አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወረዱ። ስመ ጥር ዊልሰኖች በሙሉ የተመዘገቡበት ነው። አድሚራሉን፣ ጳጳሱን፣ የከዋክብት ተመራማሪውን «የኛ ሰው፣ የኛ ሰው» እያሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው አሳዩት።

ንጋቱ እስቲ ልየው ብሎ ተቀበላቸውና ቀስ ብሎ ገጹን ገለጠ። የፖስታ ሠረገላ እየዘረፈ ሲኖር ተይዞ የተሰቀለ አንድ ዊልሰን አገኘ። ጣቱን ሥዕሉ ላይ አድርጎ፣

«ጌታዬ፣ ይሄኛውስ ምንዎ ነው?» አላቸው።

ሚስተር ዊልሰን ፊታቸው በርበሬ መሰለ። «ምኔም አይደለም። እኛ አገር ዊልሰን እንደ አሸዋ ነው። ስም ስለገጠመ ሰው ዘመድ ይሆናል እንዴ?»

ንጋቱ መጽሐፉን በሁለት እጁ መለሰላቸውና እጅ ነሣ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ። እንግዲያው እኛን ደምሴዎቹን እንደ አድሚራሉ አይቁጠሩን፤ እንደ ወንበዴው ይቁጠሩን።»

አራቱም ከሥራቸው ሳይነቀነቁ ቀሩ፤ የመጋዘን ኃላፊው ሙላት ኃይሌም፣ ከንጋቱ ጋር ከአንድ እናት ተወልዶ በአባት ብቻ የሚለየው ወንድሙ፣ እዚያው ቤት እስከ ጡረታው ሲሠራ ሚስተር ዊልሰን አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠሩትም።