የጋሽ ወንድይራድ ሁለት ፔዳሎች

ጋሽ ወንድይራድ የምሽት ክበብ ባለቤት ስለሆኑ ብቻ ጊታር የሚችሉ ይመስላቸው ነበር። አንድ ቀን በልምምድ ሰዓት፣ የጊታር ድምፅ የሚያሻክሩ ሁለት ፔዳሎች ይዘው መጡ። ኦቨርድራይቭ የሚባለው ራሳቸው መርጠው የገዙት፣ ዲስቶርሽን የሚባለው ደግሞ አጠገባቸው የተቀመጡት ባለቤታቸው እትዬ ውድነሽ የሰጧቸው ነው። ትዝታን በሁለቱም እያበላሹ ተጫወቱና ወደ ጊታሪስታቸው ዞሩ።

«አንተ ምላሳም፣ የቱ ይበልጣል? ‹ሁለቱም› ካልክ ከነገ ጀምሮ እንዳላይህ!»

ጊታሪስቱ ባልን አየ፣ ሚስትን አየ። አንዱን ቢያወድስ ሌላው ሊቀየመው ነው።

«የእትዬ ይበልጣል» አለ።

«በምኑ?» ጋሽ ወንድይራድ ደማቸው ፈላ።

«የእርስዎ ድምፁን ትንሽ ብቻ ስለሚያሻክር፣ የሳቱት ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። የእትዬ ግን ድብልቅልቁን ያወጣዋል። የባልን ገመና ከሚስት በላይ ማን ይሸፍናል?»