የአቶ ዳምጠው ፐርሲመን

አቶ ዳምጠው ፐርሲመን የሚባል የባሕር ማዶ ፍሬ በሰፊው ተከሉና፣ ወደ ውጭ ለመላክ ገንዘብ የሚያወጡላቸው ባለሀብቶችን ጋበዙ። ፍሬው ቀላ እንጂ ገና አልደረሰም፤ የቀጠሮው ቀን ግን ደረሰ።

በእርሻው አረም የምትነቅል አንዲት ምላሰኛ ሴት ነበረች። አቶ ዳምጠው በዋዜማው አስጠርተዋት፣ «ነገ እንግዶቹ ፊት አፍሽን ብትከፍቺ እንጀራሽ ይቋረጣል» አሏት።

በማግሥቱ አንዱ እንግዳ ፍሬውን እያገላበጠ፣ «ለመሆኑ ደርሷል?» ሲል ጠየቀ። አቶ ዳምጠው ዞር ዞር ቢሉ ከሴትዮዋ በቀር የሚያስቀምሱት ሰው የለም። አንድ ፍሬ ሰጥተው፣ «ቅመሺና እንዴት እንደሚጣፍጥ ንገሪያቸው» አሏት።

ገመጠችው። ከንፈሯ ተጨማደደ፣ ምላሷ ከላንቃዋ ተጣበቀ። እንደምንም ውጣ እጅ ነሳችና፣

«ጌታዬ፣ ትናንት በከንቱ ነው የደከሙት» አለች፤ «አፌን ለመዝጋት ፍሬው ብቻውን ይበቃ ነበር።»