ውኃውን የሚጠይቀው ነጭ ድንጋይ

ጆሯችሁን ወዲህ ስጡኝ፤ ምላሳችሁን ግን ከጥርሳችሁ ኋላ አስቀምጡ። የዛሬው ተረት የምላስ ተረት ነው።

ድሮ፣ ድንጋይ ሳይቀር አፍ በነበረው ዘመን፣ በቆላው በረሃ አንድ ሐይቅ ነበረ። ውኃ ይገባበታል እንጂ አይወጣበትም። ከሥሩ ምድር ትፈላለች፤ ከላዩ ፀሐይ ትጠጣለች። ስትጠጣ፣ ስትጠጣ፣ ጨረሰችው። ሐይቁ ሞተ፤ ነጭ አጥንቱ ቀረ። ከአጥንቱ ግማሹ ጨው ነው። ግማሹ ግን ጨው የሚመስል ሌላ ድንጋይ ነው፤ ከፍል ውኃው ጋር ከምድር ሆድ የወጣ፣ እንደ ጥጥ ነጭ፣ እንደ ጥጥ ቀላል። ሰው ጨዉን ቆርጦ ይሄዳል፤ እሱን አይቶ ያልፈዋል። እሱም በጠራራ ፀሐይ፣ ነፋስ በሌለበት፣ "ውኃዬ የታለ?" ይላል።

በዚያ አገር ሎይታ የሚባል ጨው ቆራጭ ነበረ። የጨው ቆራጭ ደንቡ፣ ከመጫኑ በፊት መቅመስ ነው። ያን ዓመት ሎይታን ወባ ያዘው። ዳነ፤ ምላሱ ግን ማርና ሬት መለየት አቃተው። ጨው የማይለይ ጨው ቆራጭ ምን ሊባል ነው? አፈረ። ለጓደኞቹ ሳይነግር ግመሉን ብቻ ይዞ ወደ ሐይቁ ወረደ። ቤት ሚስቱ አስያ አራስ ናት። ሁለት ፍየሎቿ ጨው አጥተው ድንጋይ ይልሳሉ፤ ወተታቸውም ነጥፏል።

"ወንድሜ ግመል፣ እባክህ አንተ ቅመስልኝ" አለው።

ግመሉ የመጀመሪያውን ድንጋይ በአፉ አንስቶ ላሰ። ጨው ነው፤ ግን ከባድ! "አይደለም" አለ። ሁለተኛውን ላሰ። ጨው ነው፤ ከፊተኛውም ይከብዳል! "ይሄም አይደለም" አለ። ሦስተኛውን ላሰ። ምላሱን ጭምድድ አደረገው። ጨው አልነበረም፤ ግን ቀላል!

"ጨው ማለት ይሄ ነው!" አለ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"በጀርባዬ እምላለሁ!"

በጀርባው የማለው ለጀርባው ብሎ እንደሆነ ሎይታ በምን ይወቅ? ጭኖ መንገድ ገባ።

"ውኃዬ የታለ?" አለ ጭነቱ።

"ማነው የተናገረው?" አለ ሎይታ ደንግጦ።

"ነፋስ ነው" አለ ግመሉ። ነፋስ ግን አልነበረም።

ቤት እንደደረሱ የመጀመሪያዋ ፍየል ላሰች። ሮጣ የውኃውን አቁማዳ ቀደደች፤ እስከ ጠብታው ጨረሰች። አፏን ስትከፍት የፍየል ድምፅ አልወጣም። "ውኃዬ የታለ?" አለች፤ ወደቀች። ሁለተኛዋም ላሰች። ገንዳውን አደረቀች፤ እርጥቡን ጭቃ ሳይቀር ላሰች። እሷም "ውኃዬ የታለ?" አለች፤ ወደቀች። ሎይታ ሮጦ አንገታቸውን ቀና አደረገ፤ ሁለቱም ሞተዋል።

አስያ ጎጆዋ ውስጥ አጥሚቷን ልትቀምም ከዚያው ድንጋይ ቆንጥራ ይዛለች። የእናቷ ልማድ ነበራት፤ የመጀመሪያውን ቁንጥር ለእሳት ትሰጣለች። ጣለችው። ጨው እሳት ሲነካው ይንጣጣል። ይሄኛው ዝም አለ። ዝም ብሎ እንደ ሊጥ ተነፋ፤ ነበልባሉ አረንጓዴ ሆነ። እጇም፣ ያቀፈቻት ሕፃን ፊትም አረንጓዴ ሆነ።

"እሳት ሆይ፣ ምን ነካህ?" አለች ሕፃኗን ከእሳቱ አርቃ።

"ይሄን አውቀዋለሁ" አለ እሳቱ። "በምድር ሆድ አብረን ነበርን። ጨው ሲነካኝ ይጮኻል፤ እሱ አይጮኽም። አትቅመሺው! የሞተው ሐይቅ ጥም ነው።"

አስያ አጥሚቱን ደፋች። ወጥታ ፍየሎቿን አየች።

"አንተ ሰውዬ! ምን አመጣህብን? ቀምሰኸዋል?"

"ምላሴ ሞቷል አስያ። ግመሉ ነው የቀመሰው።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም? የእኔ ምላስ አልነበረም? የጓደኞችህ ምላስ አልነበረም? በጡቴ በኩል ልጅህን ልትገድልብኝ ነበር!" አለችና አለቀሰች። ሎይታም አለቀሰ።

ድንጋዩን እንደገና ጭኖ ወደ ሐይቁ መለሰው። ሲያራግፍ ነጩ ሜዳ በሙሉ ባንድ ድምፅ ተናገረ።

"ጨው ነህ ያለኝ ማነው?"

ግመሉ አንገቱን ወደ መሬት ደፋ።

"ጨው ነህ ያለኝ ማነው?"

ግመሉ ወደ ሎይታ አየ።

"ጨው ነህ ያለኝ ማነው?"

ግመሉ "እኔ አይደለሁም" ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነበር፤ "ውኃዬ የታለ?" ምላሱ እዚያው ደረቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግመል እሾህን እንደ ሣር ያኝካል፤ ውኃ ሲያገኝም ሐይቅ እንደሚጨርስ ሆኖ ይጠጣል።

ሎይታ ጓደኞቹን ጠርቶ "ምላሴ ሞቷል፣ ቅመሱልኝ" አላቸው። ሳቁበት፤ ግን ቀመሱለት። አንደኛው የምትታለብ ፍየል ሰጠው።

ዛሬ የተማሩ ሰዎች ያንን ድንጋይ ቦራክስ፣ በውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር ደግሞ ቦሮን ይሉታል። ምድር በፈላችበት፣ ዝናብ በረሳው አገር፣ መውጫ የሌለው የደረቀ ሐይቅ እየፈለጉ ይቆፍሩታል። ለመስታወት ይሆናል፣ ለወርቅ መበየጃም ይሆናል ይላሉ። ይሁን። ውኃውን የመለሰለት ግን የለም።

እፍረቱን ሊሸፍን በሐሰተኛ ምላስ የቀመሰ፣ ጥሙን ለልጁ ያወርሳል።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን በዳቦ አታብሱ። እኔም በጉብዝናዬ በዚያ ሳልፍ በጣቴ ነካ አድርጌ ቀምሼዋለሁ። ውኃ አቀብሉኝ። ሌላም ጨምሩልኝ። ይሄ ብቻ ነው ያላችሁ?

ውኃዬ የታለ?