የእመት ሽኮኮ ጥርጣሬና የቆርቆሮ ሳጥኖቹ

አንድ ጊዜ፣ በአንድ ትልቅ ከተማ ዳርቻ፣ የመጨረሻዎቹ ቤቶች አልቀው ድንጋያማው ኮረብታ በሚጀምርበት ቦታ፣ እመት ሽኮኮ የምትባል ባልቴት ከልጆቿና ከዘመዶቿ ጋር በቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ ትኖር ነበር። እመት ሽኮኮ የጎደላት ነገር ቢኖር ማመን ነው። ቅጠል ሳታሸት አትበላም፤ ነፋስ ሲነፍስ እንኳ «ማን ላከው?» ትላለች። ዘመዶቿ ሲስቁባት፣ «ሳቁ፤ ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር!» ትላቸዋለች።

አንድ ማለዳ ከከተማው በኩል ወጣቶች መጡ። ማንም ሳያስገድዳቸው፣ በገዛ ፈቃዳቸው የከተማዋን ትናንሽ አውሬዎች ሊያጠኑ የመጡ ተማሪዎች ናቸው። አይጮኹም፤ ድንጋይ አይወረውሩም። እመት ሽኮኮን ያስፈራትም ይኸው ነበር። «ድንጋይ የማይወረውር የሰው ልጅ ምን ቢያስብ ነው?» አለች።

ወጣቶቹ በየቋጥኙ ሥር የቆርቆሮ ሳጥን አስቀመጡ። በየሳጥኑ ካሮት ጨመሩና ራቅ ብለው ተቀመጡ።

«ማንም እንዳይጠጋ!» ብላ እመት ሽኮኮ አዘዘች። የመጨረሻ ልጇ ጩጬ ግን ሆዱን አልቻለም። ሽታው እየጎተተው ገባ፤ በሩም ከኋላው ቀጭ ብሎ ተዘጋ።

እናቱ ኮረብታው እስኪያስተጋባ ጮኸች። ከወጣቶቹ አንዷ፣ ውባለም የምትባል ልጅ፣ መጥታ ሳጥኑን ቀስ አድርጋ ከፈተች። ጓደኛዋ ማስረሻ ጩጬን በከረጢት አድርጎ መዘነው፤ ጥርሱን አየ፤ ሁለቴ እንዳይቆጥረውም ጀርባውን ሰማያዊ ቀለም ነካ አደረገው።

«ቀስ በል እንጂ፣ ልቡ እየዘለለ ነው» አለችው ውባለም።

ከዚያም እዚያው ቋጥኝ ሥር ለቀቁት። ጩጬ በርሮ እናቱ ጉያ ገባ። እናቱ አገላብጣ አየችው፤ ጆሮው አለ፤ እግሩም አለ።

«ምን አደረጉህ?»

«ምንም። ካሮቱን እንኳ አልቀሙኝም።»

«ታዲያ ምን ፈልገው ነው?»

«‹ሰዎች በዚህ ኮረብታ አንድም አውሬ አልቀረም ይላሉ፤ አውሬ መኖሩንማ ቆጥረን እናሳያቸዋለን› ሲባባሉ ሰማሁ።»

እመት ሽኮኮ አላመነችም። «ሥጋ ይዞ የሚለቅ ማን አለ?» እያለች ስትብሰለሰል ዋለች።

ወሬው ቀበሮ ጆሮ ደረሰ። በማግስቱ መጣና፣ እንደ ለቀስተኛ አንገቱን ደፍቶ፣ ከቋጥኙ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«እንደምን አደሩ እመት ሽኮኮ? የልጅዎን ነገር ሰምቼ አንጀቴ ተቃጠለ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው አያ ቀበሮ፣ ለልጄ አንጀትህ የሚቃጠለው?»

«ጎረቤት አይደለን? ይኸ ቀለም ምን እንደሆነ አጡት? በግ ነጋዴ የሸጠውን በግ ጀርባውን አይቀባውም? መርጠውታል! በዓሉ ሲደርስ መጥተው ይወስዱታል።»

እመት ሽኮኮ ጩጬን ወደ ጉያዋ ሳበችው። «ምን ይሻላል ታዲያ?»

«ከፈፋው ማዶ ሰፊ ዋሻ አለኝ። ነገ በቀትር ዘመድ አዝማድዎን ይዘው በፈፋው በኩል ይምጡ። ከፊት ሆኜ መንገድ አሳያለሁ።»

ሽኮኮዎቹ ሁሉ «እንሂድ!» አሉ። በነጋታው ፀሐይ ሲሞቁ ግን እመት ሽኮኮን አንድ ነገር እንደ እሾህ ወጋት። «እነዚያ ልጄን በእጃቸው ይዘው መለሱልኝ» ብላ አሰበች። «ይኸ ቀበሮ ግን ምንም ሳይሰጠኝ ልጆቼን በሙሉ አምጪ ይለኛል። እነሱን ስጠረጥር እሱን እንዴት ዘነጋሁት?»

«እኔ እስክመለስ ከስንጥቁ የወጣ ወዮለት!» ብላ፣ ዞራ ከፈፋው በላይ ካለው ቋጥኝ ወጣች፤ በሆዷም ተለጥፋ ወደ ታች አየች። ቀበሮ ብቻውን አልነበረም። አጠገቡ ጅብ ምራቁን እየዋጠ ተጋድሟል።

«መጡ?» አለ ጅብ።

«ድምፅህን ቀንስ አያ ጅቦ! መምጣታቸው ነው። ከቋጥኙ ከራቁ መደበቂያ የላቸውም።»

«ያቺ የሰባችው ባልቴት የኔ ናት።»

«ያንተ ናት! ብቻ ዝም በል።»

ባልቴቷ ከተለጠፈችበት ሳትነሳ ጠበቀች። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ ዘመም አለች፤ ሽኮኮ የሚባል ብቅ አላለም። ጅብ ሆዱ እየጮኸ ቀበሮን ዘወር ብሎ ትክ ብሎ አየው።

«አንተ፣ አፍህ ላይ ያለው ፀጉር ምንድን ነው?»

«ጢሜ ነዋ!»

«ዋሸህ! እኔን እዚህ አስተኝተህ ቀድመህ ጨርሰሃቸዋል!»

«ኧረ አያ ጅቦ፣ አብሬህ አይደል የዋልኩት? አስተውል እንጂ!»

ማስተዋል ለጅብ መቼ ተፈጠረና! ዘሎ ነከሰው። ቀበሮ የጅራቱን ጫፍ በጅብ ጥርስ ትቶ አመለጠ፤ ጅብም እያሳደደው ሁለቱም ከኮረብታው ጀርባ ጠፉ። ከዚያች ቀን ወዲህ ቀበሮ በዚያ አካባቢ አልታየም።

እመት ሽኮኮ ተመልሳ ለዘመዶቿ ያየችውን ስትነግራቸው የሳቀ አልነበረም። ወጣቶቹ ዳግመኛ ሲመጡ ከቋጥኙ አናት ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀቻቸው። የእህቷን ልጅ፣ አንዲት ሽኮኮ፣ ውባለም ከሳጥን አውጥታ ስትለቅ አየች፤ አልጮኸችም። ወደ ሳጥኑ ግን ራሷ አልቀረበችም።

ከዚህ የምንማረው፣ መጠርጠር ባይከፋም፣ እንግዳውን ሥራውን ሳናይ እየሸሸን ጎረቤቱን ለጣፋጭ አንደበቱ ብለን ካመንነው ጥርጣሬያችን ራሱ ወጥመድ እንደሚሆንብን ነው።