ላስቲኩ ያልተነሣ

ለአንዲት ትንሽ ከተማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ተሰጡ። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ደርበው ግን «ሕፃናት ያበላሹታል» ብለው ክፍሉን ቆለፉና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። እንዲህ እንዳለ ሦስት ዓመት አለፈ።

ልጇ ሦስተኛ ክፍል የደረሰችላት አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሣች።

«ጌታዬ፣ ልጄ ኮምፒውተር የምታየው በመስኮት አጮልቃ ነው። ኧረ ይክፈቱላቸው!»

አቶ ደርበው ፈገግ ብለው ወላጆቹን አስከትለው ሄዱና ክፍሉን ከፈቱት። ኮምፒውተሮቹ ከነላስቲካቸው ተደርድረዋል።

«በይ ፈልጊ!» አሏት። «አንዲት ጭረት ካገኘሽ ቁልፉን ለአስተማሪዎቹ እሰጣለሁ። ካጣሽ ግን ሁለተኛ ይህን ነገር እንዳታነሺብኝ!»

ሴትዮዋ አንድ በአንድ ፈተሸች። ከአቧራ በቀር ምንም የለም። ወላጆቹም ተስፋ ቆርጠው አንገታቸውን ደፉ።

«እህሳ፣ አገኘሽ?»

«ኧረ የለም ጌታዬ! አያያዝዎስ ግሩም ነው» አለች። «የልጄን ጭንቅላትም ቢፈትሹት ጭረት አያገኙበትም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ትምህርት ቤት ተመላልሳ ላስቲኩ እንኳ አልተነሣለትም።»