የሁሉንም መብራት የሚቆጥረው ሞተረኛ

ሞተር የሚነዳ አንድ ሰው ነበረ።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁም፣ ፈለቀች። «አባ፣ ልቤ የሚያርፈው መቼ ነው?» ነው ያልሽኝ። ወላጆቻችሁ ካረፉ ወዲህ አራቱን ታናናሾችሽን ያሳደግሽ አንቺ ነሽ። ዛሬ ሁሉም ትዳር ይዘው፣ ልጅ ወልደውም፣ ሲመሽ ለአራቱም ሳትደውዪ እህል በጉሮሮሽ አይወርድም። ይኸው ከተቀመጥሽ ጀምሮ እንኳ ስልክሽን ስንቴ አየሽው። ታገሺኝ፣ ስለ ሰውየው ልንገርሽ።

መነኩሴ ስለ ሞተር ምን ያውቃል ትዪ ይሆናል። እውነትሽን ነው፤ እኔ የወጣሁበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለክርስትና ተጠርቼ ስሄድ ዝናብ ቢይዘኝ አንድ ጎረምሳ ከኋላው አፈናጠጠኝ። እዚያ እስክንደርስ ዳዊቱን ደግሜ ጨረስኩት። ሞተረኞች ግን ይህንኑ ነገር ወደው ነው የሚያደርጉት፤ ያውም በእሑድ ጠዋት፣ ቅዳሴ ትተው። ይቅር ይበላቸው።

ሰውየው እንደሱ ሞተር የሚወዱ ጓደኞች ነበሩት። አንዱ ልብስ ሰፊ ነው፣ አንዷ አስተማሪ ናት፣ ሌሎችም ነበሩ። እሑድ እሑድ ማደያው ጋ ይገናኛሉ፤ አንዱ በሌላው ሞተር ድምፅ ያሾፋል፤ ከዚያ ተሰልፈው ከከተማ ይወጣሉ። ሲጓዙ አንድ ልማድ ነበራቸው። እያንዳንዱ በስፖኪዮው፣ በጎን መስታወቱ ማለቴ ነው፣ ከኋላው ያለውን የአንድ ሰው መብራት ብቻ ያያል። መብራቱ ከጠፋበት ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አሁንም ካልታየው ይቆማል። እሱ ሲቆም ደግሞ ከፊቱ ያለው የእሱን መብራት ያጣና ይቆማል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰልፉ በሙሉ ይቆማል። የሚጮህ የለም፣ መንገድ ላይ የሚቀርም የለም።

አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ ጠጠር ላይ ተንሸራትቶ ወደቀ። ከፊቱ የነበረው ትንሽ ዘግይቶ ነው ያወቀው። የወደቀው ልጅ ክርኑ ተላጠ እንጂ ሌላ ክፉ ነገር አልደረሰበትም፤ እሱ ራሱ ሲስቅ ነበር። ሰውየው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣ። ቢሞትስ? ገደል ቢገባስ? ተኝቶም ይህንኑ ያስባል። በሚቀጥለው እሑድ ሰብስቦ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ዞር አትበሉ፣ ፊት ለፊታችሁን ብቻ እዩ። የኋላውን ለእኔ ተዉልኝ» አላቸው።

እንዳለውም አደረገ። ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ይመጣና የሁሉንም ጎማ እየተጫነ ያያል፤ የሁሉንም ካቴና፣ ጎማውን የሚያዞረውን ሰንሰለት ማለቴ ነው፣ በጣቱ እያነሳ የላላውን ያጠብቃል፣ የደረቀውን ዘይት ይቀባል። እነሱ ቆመው ይጫወታሉ። መንገድ ሲጀመር ወደ ፊት ይበርና ይቆጥራል፤ ይዞርና ወደ ኋላ እየተመለሰ ይቆጥራል፤ የመጨረሻው ጋ ሲደርስ ደግሞ ያ የፊተኛው ምን ሆኖ ይሆን ብሎ እንደገና ይከንፋል። ሌሎቹ ስላዩት ተራራ ሲያወሩ እሱ ተራራ አላየም። ሻይ እንኳ የሚጠጣው ቆሞ ነው፣ የዚህን ጎማ የዚያን ጎማ በእግሩ እየነካ።

ጓደኞቹ ወደዱት። ማን ይጠላል? መጀመሪያ ስፖኪዮ ማየት ተዉ። ቀጥሎ ልብስ ሰፊው መንቀጥቀጡ ሰለቸኝ ብሎ ስፖኪዮውን ፈትቶ ቤቱ ጣለው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። የሞተሩን ዘይት ከፍቶ የሚያይ ጠፋ። እሱ ያየዋላ!

አንድ እሑድ ወደ ሐይቅ በሚወርድ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ነበሩ። ሰውየው ያን ቀን ጠዋት የሁሉንም ካቴና አይቷል፤ የራሱን ግን ካየው ስንት ጊዜው እንደሆነ እግዜር ይወቅ። መጨረሻ ላይ ያለችውን አስተማሪዋን ቆጥሮ፣ ከኋላዋ ዞሮ ሊከተላት ሲል ካቴናው ወለቀና ከኋላ ጎማው ጋር ተቆላለፈ። ጎማው ቀጥ አለ። ሰውየው ተወርውሮ ቦይ ውስጥ ገባ፣ ሞተሩም እግሩ ላይ ወደቀ።

ሞተ ወይ? አልሞተም፣ ቸኩለሽ አትቅበሪው።

ጮኸ። የጓደኞቹ ሞተር ድምፅ ከኩርባው ወዲያ እየቀጠነ ሲሄድ ይሰማዋል። አሁን ይመለሳሉ አለ። የጋለው ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫው ቱቦ፣ ባቱን እያቃጠለው፣ አሁን ይመለሳሉ አለ። መጀመሪያ ተናደደ፤ ቆይቶ ፈራ። ያን ሁሉ ጊዜ ሲፈራ የኖረው ለሌላው ነበር፤ ለራሱ ፈርቶ አያውቅም።

እነሱ ሐይቁ ዳር ደርሰው ዓሣ አዝዘዋል። ከፊት የነበሩት ኋላ ነው ብለዋል፤ ከኋላ የነበሩት ፊት ነው ብለዋል። አንዱ «እሱስ የት ቀረ?» ቢል አስተማሪዋ፣ «ደግሞ ለእሱ! እሱ እኛን ይፈልገናል እንጂ እኛ እሱን እንፈልገዋለን እንዴ?» አለች። ሳቁ፣ በሉም። ሰውየውን ያነሳው አሸዋ የጫነ መኪና ሾፌር ነው፤ ከረዳቱ ጋር ሆኖ ሞተሩን አንስቶለት ጤና ጣቢያ አደረሰው።

ሰምተው እየሮጡ መጡ። እግሩ ተሰብሮ፣ ባቱ ተቃጥሎ አገኙት። «አንዳችሁ እንኳ ዞር አትሉም? አንዳችሁ እንኳ?» ብሎ ጮኸባቸው። ሁሉም አቀረቀሩ። ልብስ ሰፊው ግን እያለቀሰ፣ «ጋሼ፣ ዞር አትበሉ ያልከን አንተ ነህ። እኛ እኮ በፊት ማየት እናውቅ ነበር» አለው።

ሰውየው እግሩ ድኖ የተመለሰ ዕለት የማንንም ሞተር አልነካም። የራሱን ካቴና ብቻ አጠበቀ። «ስፖኪዮአችሁን ግጠሙ፤ እኔ ከእንግዲህ የማየው ከኋላዬ ያለውን ነው። እኔንም የሚያይ አንድ ሰው እፈልጋለሁ» አላቸውና ሰልፉ መሐል ገባ። ቀላል እንዳይመስልሽ። ዞረህ ቁጠር፣ ዞረህ ቁጠር እያለ እጁን ሲበላው ዋለ። ልቡ አርፎለት አይደለም፤ መብላቱን ችሎ ነው መንገዱን የጨረሰው።

ልጄ፣ ሞተረኛው አንቺ ነሽ። ፍቅርሽን አልነቅፍም፤ ያለ አንቺ እነዚያ ልጆች የት በወደቁ ነበር። አሁን ግን ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አንቺ ለሁሉም ስለምትደውዪ እርስ በርሳቸው አይደዋወሉም። እህትሽ እንኳ የወንድሟ ሚስት መውለዷን የሰማችው ከአንቺ አይደል? ባለፈው ክረምት ታይፎይድ ጥሎሽ ሳትደውዪ ስትቀሪ፣ ምን ሆና ይሆን ያለ የለም፤ ውኃ ያቀበለችሽ ጎረቤት ናት። እዚሁ ተቀምጠሽ አልቅሰሽ፣ ጨከኑብኝ ብለሽኛል። አልጨከኑም። ስፖኪዮአቸውን ያስፈታሻቸው አንቺ ነሽ።

ልብሽ መቼ እንደሚያርፍ እኔ አላውቅም። ምናልባት አያርፍም ይሆናል፣ እግዜር እንደዚያ አድርጎ ፈጥሮሽ። ዛሬ ማታ ግን ከአንቺ ለሚቀጥለው ለወንድምሽ ብቻ ደውዪ፤ ከእሱ የሚቀጥለውን እሱ ይይ፣ ያም ቀጣዩን። እጅሽን ይበላሻል። ይብላሽ! ነገም ባይሆን ከነገ ወዲያ ከመካከላቸው አንዱ ድምፅሽ ይጠፋበትና ራሱ ይደውልልሻል። ያን ጊዜ «እንዴት ነሽ?» ሲልሽ፣ አደራሽን፣ «ደህና ነኝ» እንዳትዪው።