ሽማግሌ የተላከባት ደርባቤ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ የዛሬው ተረት ላም የለውም፣ በረትም የለውም። «የጎማ ጥርስ» በሉኝና ጆሯችሁን ስጡኝ።

በድሮ ጊዜ፣ ብረት አፍ በነበረው ጊዜ፣ ገደል አፋፍ ላይ በተቆረቆረች አንዲት ከተማ ውስጥ ደርባቤ የምትባል አሮጌ አውቶሞቢል ነበረች። በሮቿ አራት ናቸው፤ ለሚያያት የቤተሰብ መኪና ትመስላለች። ልቧ ግን የእሽቅድምድም ልብ ነው፤ ሞተሯ ሲነሣ ዶሮ ከነጫጩቷ መንገድ ትለቅላት ነበር።

ዕድሜ ሄደና ጎማዎቿ ተላጡ። ባለቤቷ አቶ ደምለው አውልቆ ጣላቸውና ድንጋይ ላይ አቆማት። የከተማው ሆቴል ጌታ ይህን አይቶ መጣ። ወንበሯን አውጥቶ፣ አፈር ሞልቶ፣ ደጃፉ ላይ አበባ ሊተክልባት ፈለገ። አቶ ደምለው ቆዝሞ ቆዝሞ፣ የሚስማማት ጎማ ተገኝቶ የገደሉን መንገድ ወርዳ ከወጣች እንደማይሰጣት፣ ካልሆነ ግን እንዲወስዳት ተስማማ። ደርባቤ ሰማች። አበባ አትጠላም፤ የአበባ መደብ መሆንን ግን አጥብቃ ጠላች።

ወሬው ጎማ ቤት ደረሰ። ጎማዎችም እንደ አገሩ ወግ ሽማግሌ ላኩባት። ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው፤ መኪና ሲያነሣ የኖረው ክሪክና ብሎን ሲፈታ ያረጀው ቁልፍ። ደጃፏ ላይ ቆመው፣ እሺ ካልተባልን አንቀመጥም አሉ። በወጉ ልጅቱ ጓዳ ትገባና ሌላ ሰው ይመልስላታል። ደርባቤ ጓዳ አልገባም አለች።

«የምሄደው እኔ፣ ገደል የምገባውም እኔ። እንግዲህ የምመልሰውም እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ ያመጡላት ሰፊውን ነው። ደረቱ ሰፊ፣ ጎኑ በነጭ ጽሕፈት ያጌጠ፣ የሚያብረቀርቅ ጎማ። ሽማግሌዎቹ ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩላት፤ አባቱ የውድድር፣ አያቱ የውድድር፣ ቅድመ አያቱም የውድድር። ደርባቤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ መሪዋ ሲዞር ጎኗን ይፍቅ እንደሆነ። ሰፊው ሳቀ። መፋቁንስ ይፍቃል፣ እሱ ግን ለማንም ብሎ አይጠብም፤ ስለዚህ እሷ መዞሩን ብትተወው እንደሚሻል መከራት።

«በገደል መንገድ የማይዞር ገደል የሚገባ ብቻ ነው» አለችው። «ደህና ሁን።»

ቀጥለው ጠጣሩን አመጡ። በዚያ አገር ጎማ የሚመረጠው በጥፍር ተጭነው ነው፤ ጥፍር ካልገባው «ይኼ ዕድሜ ይሰጣል» ተብሎ ይመረቃል። ጠጣሩን እንኳን ጥፍር፣ ቁልፉ ራሱ ቢወጋው አልበሳውም። ሽማግሌዎቹ በዚህ ኮሩ። ጠጣሩም እሷን ቀብሮ ሌላ እንደሚያገባ ተናገረ። ደርባቤ በዝናብ የራሰ አስፋልት ይይዝ እንደሆነ ጠየቀችው። መንገድ ላይ ሙጭጭ ማለት የድሃ ጎማ ጠባይ ነው፣ እኔ በላዩ እልፍ እያልኩ ነው የምሄደው አላት።

«እልፍ ብለህ ወዴት?» አለችው። «በል ሂድ፤ አንተ ሳታልቅ እኔ አልቃለሁ።»

ክሪክ ተቆጣ። አማርጣ አማርጣ ቆማ ቀረች እንደሚባለው፣ ድንጋይ ላይ የተሰቀለች አሮጊት ጎማ እንደማታማርጥ፣ አበባ ተሸክማ ስትቀርም እንደሚያይዋት ነገራት።

«ድንጋዩ እንኳ እስካሁን አልዋሸኝም» አለች ደርባቤ።

ሦስተኛው ያለ ሽማግሌ መጣ። ጌጥ የለው፣ ዘር ቆጣሪ የለው፤ ልኩ ግን ልክ የእግሯ ነው። ክሪክ ቢጫነው ሰመጠ። ሽማግሌዎቹ ሳቁበት፤ ገና ደጅ ላይ የሰመጠ ባል ቤት ገብቶ ምን ሊሆን ነው ተባባሉ። ለስላሳው ወደ እነሱ አልዞረም።

«እውነቱን ልንገርሽ» አላት። «ዕድሜዬ አጭር ነው። መንገዱን የምይዘው ከገላዬ እየቆረስኩ ነው። አልቃለሁ እንጂ አልለቅሽም።»

ለደርባቤ ጉድለቱን አስቀድሞ የነገራት ማንም አልነበረም። እሺ አለችው። እግሯ አራት ነውና ሦስት ወንድሞቹን ሚዜ አድርጎ ገባ።

በማግስቱ ዝናብ እየወረደ አቶ ደምለው አስነሣት። ክሪክና ቁልፍ ከኋላ ሳጥኗ ውስጥ ሆነው ጸሎት ጀመሩ። በመጀመሪያው ጥምዝ ጭጋግ መጥቶ ቁሚ አላት፤ አልቆመችም። በሁለተኛው ጥምዝ ጠጣሩን አገኙት፤ ለአንድ ሚኒባስ ተድሮ ከነሙሽራዋ ቦይ ገብቷል፣ ጥርሱ ግን አንዱም አልተነካም። በሦስተኛው ጥምዝ ጎርፍ መንገዱን አቋርጦ ጠበቃት፤ ነይ፣ አበባሽን እኔው ልትከልልሽ አላት። ኋላዋ ዋለለ። ገደሉ ከሥሯ አፉን ከፍቷል። ደርባቤ ፈራች፤ ፈርታም መሪዋን አዞረች። ለስላሳው አስፋልቱን ነከሰ፣ ጮኸ፣ ከገላው ቆረሰ፣ ያዛት። ወንዙ ድረስ ወረደች፤ ዳገቱንም እያጓራች ወጣች። የሆቴሉ ጌታ አበባውን በርሜል ውስጥ ተከለ።

ክረምት አልፎ በጋ መጣ፤ በጋው ሳያልቅ ለስላሳው አለቀ። አቶ ደምለው ሊያወልቀው ክሪክን አመጣ። ክሪክ ይህን ቀን ሲጠብቅ ነበር። ብለንሽ ነበር፣ ይኸው አለቀብሽ፤ ጠጣሩ ግን ከቦይ ወጥቶ ጎማ ቤት ደጃፍ ተቀምጧል፣ ዛሬም አዲስ ነው አላት።

ደርባቤ አለቀሰች፤ አንገቷን ግን አልደፋችም።

«አዎ፣ አለቀ» አለች። «እኔን ይዞ ነው ያለቀው። ያ ያላለቀው ማንን ይዞ ያውቃል?»

ክሪክ አጎንብሶ አነሣት። የሚቀጥለውንም ጎማ ራሷ መረጠች፤ ጥፍር የሚሰምጥበትን።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ስትመልሱም እንዲህ በሉ፦ ከማያልቅ ልቅ፣ የሚያልቅ ጥብቅ።